የእንጦጦን ባህር ዛፍ «በአንድ ክረምት» ነቅሎ መተካት

ቀጋ፦
ቅዳሜ ዕለት በጎ ፈቃደኞች በተሰበሰቡበት አንድ አስተባባሪ ተነስቶ «ባህር ዛፉን በአንድ ክረምት ነቅለን ሀገር በቀል እንተካለን፤ ወፉም ድኩላውም ይመለሳል» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የቱ ችግኝ ነው በአንድ ክረምት የሚተካው? የወይራ ፍሬ ሥጋው ታጥቦ፣ ድንጋይ የመሰለው ቅርፊቱ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል። በቅሎም ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ጥድማ ይብሳል፤ ከዘሩ ብዙው ባዶ ነው። ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ የሚንሳፈፈውን ካልደፋችሁ መደቡ ግማሹ ባዶ ይቀራል። ለመጪው ሐምሌ የሚተከለው አምና መዘራት ነበረበት። ማን ዘራው?

ብሳና፦
ቀጋ፣ ሰውየው ጀመርን ለማለት ነው፤ ቃል አትልቀሚ። ባህር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንጦጦ ላይ ተቀምጦ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባቆየነው ቁጥር ውሃውን ይመጥጣል፣ ቅጠሉ መሬቱን ያለብሰዋል፣ ከሥሩ ምንም አይበቅልም። ምንም ከማይበቅልበት መሬት ወፍ ምን ልትለቅም ትመጣለች?

ችግኝ ጣቢያ፦
«ከሥሩ ምንም አይበቅልም» ያልከው ስህተት ነው፤ የሚያስቆጣኝም ብዙ ጥፋት የሚሠራው በዚህች ቃል ስለሆነ ነው። መስከረም ላይ ዕድሜ ጠገብ፣ ተራርቆ የቆመ ባህር ዛፍ ሥር ቁጢጥ በልና ቅጠሉን በጣትህ ገለጥ አድርገው። ክር የምታህል፣ ቅጠሏ መርፌ መርፌ የሚል የሐበሻ ጥድ ታገኛለህ። አጠገቧ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ ከሥሩ ቡናማ የሚመስል ወይራ አለ። ማን ተከላቸው? ወፍ ናት። ፍሬውን ሌላ ቦታ በልታ ረጅሙ ዛፍ ላይ ታርፍና ዘሩን እዚያ ትጥለዋለች። ለዚህ ነው ከቅርንጫፉ ሥር ተሰብስበው የምታያቸው። ከዚያ የእኛ ዘመቻ ይመጣና ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት «እንመንጥር» ብሎ በማጭድ ያጭዳቸዋል። ነፃ የበቀለውን አጭደን የተገዛውን እንተክላለን።

ብሳና፦
አንተ የምታወራው ስለ ሽማግሌው ዛፍ ነው። እኔ የምለው ስለ ቁጥቋጦው ነው፤ ተቆርጦ ተቆርጦ ከአንድ ጉቶ ብዙ ግንድ ያወጣው፣ ሰው የማያሳልፈው። እዚያ ሄደህ ገልጠው። ምንም ብያለሁ፣ ምንም ነው።

ጋሽ ዝግባ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም የተለያየ ደን ይዛችሁ ነው የምትጣሉት። መናገሻ ሱባ ላይ በሰው በተተከለ የውጭ ዛፍ ሥር፣ ባህር ዛፍም ጭምር፣ የሀገር በቀል ዛፍ ችግኝ መብቀሉ ተጠንቶ የታወቀ ነው። ግን እዚያ የተፈጥሮው ደን አጠገቡ አለ፤ ዘር የሚሰጥ እናት ዛፍ አለ። እንጦጦ ላይ እናት ዛፉ የቀረው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ከማርያምና ከራጉኤል ግቢ በራቅን ቁጥር ወፏ የምታመጣው ዘር ይሳሳል። ስለዚህ ቅርብ ባለው ቦታ መጠበቅ፣ ሩቅ ባለው መትከል ነው።

ብሳና፦
ስለዚህ ሩቁ ላይ ምንም እንደማይበቅል ጋሽ ዝግባም አመኑ።

ጋሽ ዝግባ፦
«ይሳሳል» ነው ያልኩት። «ምንም» አላልኩም።

ችግኝ ጣቢያ፦
ነቅለን የሚሉት ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። ተዳፋት ላይ ባህር ዛፍ ከነሥሩ ከነቀልክ ነሐሴ ሳያልቅ ቦረቦር ተፈጥሮ አፈሩ ቀበና ወንዝ ይገባል። አሠራሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከሦስቱ አንዱን ብቻ ቁረጥ፣ ወይም ከ15 እስከ 20 ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት እዚህም እዚያም ክፈት። ጉቶውን ከመሬት እኩል ዝቅ አድርገህ ቁረጠው። ዙሪያውን ቆፍረህ ልጡን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ላጠው፣ አፈር አልብሰው። በየሁለት ወሩ ተመልሰህ ያቆጠቆጠውን ገና ለጋ ሳለ በእጅህ ገንጥለው፤ ይህን ሁለት ዓመት ሳትታክት ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ቆረጣ ላይ መቶ ሰው ይመጣል። ለሦስተኛው ግንጠላ የሚመጣው ሰው ነው ደኑን የሚያተርፈው።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ይሄ ሁሉ ሲወራ እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱት እናቶች ያነሳ የለም። ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባ ይዘው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። «በአንድ ክረምት» ብሎ ያጨበጨበው ሰው የማን ምድጃ እንደሚጠፋ ያውቃል? ችግኝ ጣቢያ እንዳለው በየተራ የሚሳሳ ከሆነ የተቆረጠው እንጨት ለእነሱ ይሰጥ። ቁጥቋጦውን መገንጠሉንም በክፍያ ለእነሱ ስጡ። ተራራውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ብሳና፦
እህቴ፣ ችግራቸው ይገባኛል። ግን ቅጠሉን በመጥረጊያ ጠርገው ሲወስዱ ዘሩንም አብረው ይጠርጋሉ። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ቅድም ምንም አይበቅልም አልክ፤ አሁን የትኛውን ዘር ነው ጠረጉት የምትለው?

ቀጋ፦
እዚህ ላይ ይመልስ።

ብሳና፦
ወፍ የጣለችውን ዘር። ዘር መውደቅና መብቀል ይለያያል። ያ ደረቅ ቅጠል ሲወፍር የዝናቡ ውሃ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ዘሩ ሥሩን አፈር ሳያስነካ ይደርቃል። ቢጠረግም ይጠፋል፣ ባይጠረግም ይደርቃል። ለዚህ ነው ይቆረጥ የምለው።

አሞራ ጠባቂ፦
ከመቁረጣችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ጥንብ አንሳ የሚያድረው ረጃጅሙ ባህር ዛፍ ላይ ነው፤ ሌላ ረጅም ዛፍ አልተረፈለትም። ትንሹ፣ ራሱ ላይ ቆብ የደፋ የሚመስለው ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው። ከዛፉ ሥር ኖራ የተረጨ የሚመስል ነጭ ኩስ ካያችሁ ማደሪያ ነው። ግንዱ የሚከፈልበት ላይ ጭራሮ የተከመረበት ካለ ደግሞ ጎጆ ነው፤ ጫጩቱ ሳይበር መጋዝ አይነሳ። የደረቀ ዛፍም ቢሆን ለሰው አደጋ ካልሆነ ይቁም። ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው አረንጓዴዋ ትንሽ በቀቀን የጥድ ፍሬ እየበላች በዛፍ ቀዳዳ ነው የምትፈለፍለው። ጥድ ተክላችሁ ቀዳዳ ያለውን አሮጌ ግንድ ብታነሱባት ምግብ ሰጥታችሁ ቤት መንሳት ነው።

ቀጋ፦
ስለ ጥድ ከተነሳ፣ ባለፈው «ሀገር በቀል» ተብሎ ከታደለው መሀል የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ ነበረበት። ችግኙ ሲያዩት ያደናግራል። እናት ዛፉን ጠይቁ፦ የሐበሻው ፍሬ ለስላሳ፣ ጠቆር ብሎ ሰማያዊ ነው፤ የፈረንጁ ደረቅ ኳስ ሆኖ ይሰነጠቃል። ወፍ የምትበላው የመጀመሪያውን ነው። ዋንዛም ተራራው ጫፍ ላይ አትትከሉ። 3,000 ሜትር ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይመታዋል። እዚያ ኮሶ፣ ጥድ፣ አስታ፣ አምጃ ነው የሚሆነው።

ብሳና፦
በዚህ እስማማለሁ። ኮሶው ግን ሴትም ወንድም ይኑርበት፤ አንዱ ፆታ ብቻ ከተተከለ ነገ ዘር የለም።

ጋሽ ዝግባ፦
ጥድም እንደዚያው ነው። ዝግባ ደግሞ ጥላ ይወዳል፤ ሜዳ ላይ ተክላችሁት ሲደርቅ በአፈሩ አታመካኙ። ለእሱ ያ ባህር ዛፍ ሞግዚት ይሆነዋል።

ቀጋ፦
እሺ፣ ጉድጓዱ ግንቦት ላይ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ የላዩ አፈር ለብቻ ተቀምጦ፣ ፕላስቲኩ ተቀዶ፣ የተጠቀለለው ሥር ተቆርጦ ተተከለ እንበል። በ2 ሜትር ርቀት አንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይይዛል። በበጋው ለአንዱ በሳምንት 5 ሊትር ብንል 12,500 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 625 ጀሪካን፣ ያውም ዳገት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ተተከለ ሲባል እንሰማለን። ስንት ጸደቀ የሚለውን ነው የምጠይቀው።

ችግኝ ጣቢያ፦
ወፍ የተከለችው ጀሪካን አይፈልግም። ሥሩን የላከው በተወለደበት አፈር ነው። እሱን በእንጨት ምልክት አድርጎ ከከብትና ከማጭድ መጠበቅ ከ625 ጀሪካን ይቀላል። ግን «ምንም አይበቅልም» ያለ ሰው ምልክት አያደርግም፤ ያጭዳል። ብሳና፣ ቃሉን አንሳ።

ብሳና፦
ቁጥቋጦው ውስጥ ገብተህ አንድ ወይራ ፎቶ አንስተህ ለጥፍ፣ አነሳለሁ። እስከዚያ አላነሳም።

የሽሮ ሜዳዋ፦
እናቶቹን ጠይቋቸው፤ የት የት እንደበቀለ ያሳዩአችኋል። የእኔም ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም፤ እንጨቱ ለማን ነው የሚሰጠው?