የዕቅድ ውይይት፦ ለፈጣን ቼዝ ውድድራችን የሰዓት ማካካሻ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ለአንድ ጨዋታ በድምሩ 10 ደቂቃ። የሬቲንግ (የተጫዋቹ ብቃት የሚለካበት ነጥብ) ልዩነቱ ከ100 በታች ከሆነ 5 ለ 5፤ ከ100 እስከ 199 ከሆነ 6 ለ 4፤ ከ200 እስከ 299 ከሆነ 7 ለ 3፤ ከዚያ በላይ 8 ለ 2። ብዙውን ደቂቃ ደካማው ይወስዳል። ድምሩ ስለማይለወጥ ዙር አይዘገይም። ሬቲንግ በሚወጣበት በኤሎ ስሌት በ200 ነጥብ ከሚበልጥ ሰው 76 በመቶ፣ በ400 ከሚበልጥ 91 በመቶ ውጤት ይጠበቃል። ሽልማቱ ከሦስት ሰው እጅ ያልወጣው ለዚህ ነው።

ነጭ ፈረስ፦ «ደካማው» ይውጣ። እኩል መግቢያ ከፍለን ደካማ ተብለን ሰሌዳ ላይ አንለጠፍም።

ግንብ፦ 8 ደቂቃ እየተሰጠህ በቃል ትጣላለህ?

ነጭ ፈረስ፦ ደቂቃ አልለመንኩም።

ዳኛ፦ ከቃሉ የሚብስ አለ። ረቂቁ ስለ ጭማሪ ሰከንድ ዝም ብሏል። በየእንቅስቃሴው 3 ሰከንድ ከተጨመረ በ40 እንቅስቃሴ ለሁለቱም 2 ደቂቃ ይገባላቸዋል። 8 ለ 2 የነበረው 10 ለ 4 ይሆናል፤ አራት እጥፍ የነበረው ብልጫ ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። ያለ ጭማሪ ይሁን። ሰዓቱም መሞላት ያለበት ማን ነጭ፣ ማን ጥቁር እንደሚይዝ ከታወቀና ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከተሞላ 2 ደቂቃው ለተሳሳተው ወገን ይደርሳል። ሁለቱ ወገን ለየብቻ ስለሚሞላ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ።

ግንብ፦ አንዱ እኔ ነኝ።

ወታደር፦ «ዝቅተኛ ሬቲንግ ያለው» ቢባልስ?

ነጭ ፈረስ፦ ዝቅተኛም ያው ነው። «ማካካሻ ተቀባይ» በሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ ተቀባይ ሲባል ምጽዋት ይመስላል።

ግንብ፦ ኩራቱን በሰሌዳው ላይ ያሳየን!

ነጭ ፈረስ፦ አፍህን ሰብስብ። ይልቅ ሆን ብሎ እየተሸነፈ ሬቲንጉን የሚያወርደውን ምን ልታደርጉት ነው?

ዳኛ፦ ያለፉት 12 ወራት ከፍተኛው ሬቲንግ ይያዝ። ስድቡም ይብቃ።

ነጭ ፈረስ፦ እሺ፣ በዛ። ቃሉ ግን ይቀየር።

ጸሐፊ፦ «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው።

ወታደር፦ «ለ» የሚባለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰዓቱን ትተን ከ400 በላይ ለሚበልጠው የንግሥት ጎን ፈረሱን እናንሳበት።

ዳኛ፦ ፈረስ ሲነሳ የተጠናው መክፈቻ ሁሉ ይፈርሳል። ታናሹ ተጫዋች የሚማረው ከሙሉ ሰሌዳ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያውስ ሽልማቱን ለሁለት እንክፈለው፤ ከ1600 በላይ አንድ ምድብ፣ ከዚያ በታች አንድ ምድብ። ማንም ደካማ አይባልም።

ዳኛ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ጠንካራውና ጀማሪው አይገናኙም። የተነሳንበት እንዲገናኙ ነበር።

ነጭ ፈረስ፦ በምድብ ከሆነ ድምፄን ሰጥቻለሁ።

ወታደር፦ እኔም።

ጸሐፊ፦ ሁለት ምድብ ብዬ ጻፍኩ። የሰዓት ማካካሻው ሁለቱ የምድብ አሸናፊዎች ለሚያደርጉት አንድ ግጥሚያ ብቻ ይቆያል። የሽልማት ክፍፍሉን ገንዘብ ያዡ ያምጡ።

ዳኛ፦ ለአንዷም ግጥሚያ ቢሆን ሰዓት ሞይ ያስፈልጋል። ግንብ፣ አለህ?

ዳኛ፦ ግንብ?