የተጎታች ቤት ቧንቧ ለበረዶ ወራት፦ ውኃውን ማፍሰስ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። ተጎታች ቤቱ የበረዶውን ወራት ደጅ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው፤ ሌሊት ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል። ቦይለሩ 23 ሊትር ይይዛል፣ በጋዝም በኤሌክትሪክም ይሠራል። ታንከሩን ባዶ አድርጌ ከሥር ያሉትን ማፍሰሻዎች ከፍቻለሁ። ይህ ይበቃል ወይስ በኮምፕሬሰር መንፋት አለብኝ? በስንት ግፊት? ከመኪና የተረፈ አረንጓዴ አንቲፍሪዝም አለ፤ ያገለግላል?

መልስ 1

አረንጓዴውን እባክዎ አያስገቡት። ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ የሚጠጣ ውኃ ወደሚያልፍበት መስመር መግባት የለበትም። የሚፈለገው ለዚሁ የተሠራው ሮዝ ቀለም ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። ከ8 እስከ 11 ሊትር ይበቃል፤ ይህ ግን የቦይለሩ ማለፊያ ቫልቭ (ፈሳሹ ቦይለሩ ውስጥ ሳይገባ እንዲያልፍ የሚያደርገው) ከዞረ ነው። ካልዞረ ቦይለሩ ብቻውን 23 ሊትር ይውጣል።

ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ፔክስ የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ስለሚለጠጥ ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ የሚሰነጠቁት የፓምፑ ራስ፣ መገጣጠሚያዎቹና የመጸዳጃው ቫልቭ ናቸው። እነሱን ለመስበር ደግሞ ጥግ ላይ የቀረች ጥቂት ውኃ ትበቃለች።

ከቦይለሩ ይጀምሩ። ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም ያጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ያስወጡ። የማፍሰሻው ቡሽ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው፤ በትኩሱ ከተፈታ የፈላ ውኃ ፊት ላይ ይረጫል። የቦይለሩ ታንከር ብረት ከሆነ ከቡሹ ጋር የአኖድ ዘንግ (ታንከሩ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ የሚበላው ብረት) ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ በ27 ቡሶላ ይፈታል። ሦስት አራተኛው ከተበላ ይቀይሩት።

ከዚያ ማለፊያውን አዙረው የፓምፑን መሳቢያ ጎማ ሮዙ ጄሪካን ውስጥ ይክተቱና ፓምፑን ያስነሱ። ለፓምፑ ከሚቀርበው ቧንቧ ጀምረው መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ሙቁን ይክፈቱ። መጀመሪያ የሚወጣው የገረጣ ነው፣ ከውኃ ጋር ተቀላቅሏልና፤ የጄሪካኑን ቀለም እስኪመስል አይዝጉት። ሻወሩ፣ የውጭው ሻወርና መጸዳጃውም እንዲሁ።

መልስ 2

ንፋስም ይሠራል፣ ግን በመቆጣጠሪያ ተለክቶ ከ2 እስከ 3 ባር ብቻ። ከዚያ በላይ ከሆነ መገጣጠሚያ ያፈናቅላል። ንፋሱ ከመለቀቁ በፊት አንድ ቧንቧ ክፍት ይሁን፤ እሱ ጠብታ መትፋቱን ሲያቆም ሌላውን ከፍቶ እሱን መዝጋት ነው።

ንፋስ የማይደርስባቸው ፓምፑና ሲፎኖቹ (ከመታጠቢያዎቹ ሥር ያሉት ውኃ ይዘው የሚቀሩ ጥምዝ ቧንቧዎች) ናቸው። ስለዚህ የሚነፋ ሰውም ቢሆን ፓምፑን ሮዝ ማጠጣት፣ በእያንዳንዱ ሲፎን ግማሽ ሊትር መጨመር አይቀርለትም። በእኔ እምነት እንደ እርስዎ ባለ ብርድ ሁለቱንም ማድረግ ይሻላል፦ መጀመሪያ ንፋስ፣ ቀጥሎ ሮዝ። መስመሩ ደርቆ ሲጠብቀው አንቲፍሪዙ አይቀጥንም።

መልስ 3

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የውጭ ውኃ መቀበያው ነው። ውስጡ ያለው ቼክ ቫልቭ (ውኃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ውኃ ይዞ ይቀራል፣ ፓምፑም ሲሠራ ሮዙ እሱን አልፎ አይወጣም። ፓምፑን አጥፍተው ቧንቧ በመክፈት ግፊቱን ይልቀቁ፤ ግፊት እያለ ከተነካ የጎማ ቀለበቱ ከቦታው ይወጣል። ከዚያ ትንሿን ወንፊት በፒንሳ ስበው ያውጡ። ከኋላዋ መሃሉ ላይ ያለችውን እንጥል በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሲያደርጓት የታመቀው ይወጣል፤ ጨርቅ ይያዙበት። ሮዝ እስኪታይ ድረስ ፓምፑን ለአፍታ አስነስቶ መድገም ይቻላል።

የፓምፑ ማጣሪያ ግልጽ ፕላስቲክ ኩባያም አለ፤ ፈትቶ ማራገፍ ነው። የመጠጥ ውኃ ማጣሪያውን ሮዙ ከመግባቱ በፊት አውጥተው በእሱ ቦታ መተላለፊያውን ይግጠሙ፣ አለበለዚያ ይበላሻል። ቆሻሻ ታንከሮቹን ካራገፉ በኋላ በእያንዳንዳቸው አንድ ሊትር ሮዝ ይጨምሩ፣ የመዝጊያው ጎሚኒ እንዳይደርቅ።

በመጨረሻ የቦይለሩን የኤሌክትሪክ ማብሪያ በፕላስተር ይሸፍኑ። ባዶ ታንከር ላይ ከተበራ ማሞቂያው ወዲያው ይቃጠላል።