አስቸኳይ፦ አንድ ካርድ ሲጸድቅ ለደንበኛው ኢሜይሉ አምስት ጊዜ እየሄደ ነው

ማለዳ (ጠዋት 3፡10)
ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እያንዳንዱ ሥራ በካርድ የሚያዝበትን የሥራ መከታተያችንን ከኢሜይል ማርኬቲንግ ሶፍትዌራችን ጋር ያለ ኮድ አገናኝቼዋለሁ። ካርዱ «ጸድቋል» የሚለው ዓምድ ውስጥ ሲገባ ደንበኛው ታግ (መለያ ስም) ይደረጋል፤ ከዚያ የእንኳን ደህና መጡ ኢሜይል ይደርሰዋል። ሦስት ሳምንት ያለምንም ችግር ሠራ። ዛሬ ግን አንዲት ደንበኛ አምስት ጊዜ ደረሰኝ ብላ በቁጣ ጻፈችልኝ። ሌሎችም አሉ። እኔ ምንም አልነካሁም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ 60 ካርድ ይጸድቃል። ምን ላድርግ?

ሽቦ አልባ (3፡14)
አካውንቱን አላቅቂና እንደገና አገናኚው። እኔ ሁሌም የሚሠራልኝ እሱ ነው።

የማታ ፈረቃ (3፡16)
እህቴ፣ መጀመሪያ አጥፊው። ምክንያቱን በኋላ እንፈልጋለን። የምታጠፊው ደግሞ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ አውቶሜሽኑን፣ ማለትም ሁለቱን የሚያገናኘውን፤ ሁለተኛ ማርኬቲንጉ ውስጥ ያለውን በራሱ የሚላክ የኢሜይል ሰንሰለት። አውቶሜሽኑን ብቻ ካጠፋሽ ቀድመው ሰንሰለቱ ውስጥ የገቡት ሰዎች ኢሜይሉ ይደርሳቸዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።
ከዚያ ሁለት ነገር ንገሪን። ትሪገሩ፣ ማለትም አውቶሜሽኑን የሚያስነሳው ነገር፣ ምን ይላል? ተመልሶ ካርዱ ላይ የሚጽፍ ነገርስ አለ?

ማለዳ (3፡22)
ሁለቱንም አጠፋኋቸው። እግዜር ይስጥልኝ! ትሪገሩ «ካርድ ሲሻሻል» ነው የሚለው። ካርዱ ላይ የሚጽፍ ነገር የለም።

መምህሩ (3፡30)
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይጠቅምሻል። ትሪገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እየተመላለሰ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዛፒየር በሚባለው የማገናኛ አገልግሎት ላይ በነፃው ፕላን ይህ የሚሆነው በየ15 ደቂቃው ነው። ሌላው ዌብሁክ ነው። ነገሩ እንደተፈጠረ ወዲያው መልእክት ይላካል። ስሙ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ነው።
ዌብሁክ የላከው ሶፍትዌር «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጠብቃል። መልሱ በቁጥር 200 ነው። መልሱ ከዘገየበት «አልደረሰም» ብሎ ደግሞ የሚልክ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዱ ክስተት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ብልሽት አይደለም፤ መልእክት እንዳይጠፋ ታስቦ የተሠራ ነው። የተደገመውን ለይቶ መጣል የተቀባዩ ሥራ ነው። የክስተቱን መለያ ቁጥር ሠንጠረዥ ላይ መዝግቢ። ቁጥሩ ቀድሞ ካለ ሥራው እዚያው ይቁም።

ሽቦ አልባ (3፡33)
አላቅቂና አገናኚው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የማታ ፈረቃ (3፡35)
ወንድሜ፣ ግንኙነቱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ኢሜይሉ ጭራሽ አይሄድም ነበር። የእሷ ችግር መብዛቱ ነው።

ለምን (3፡41)
እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። የሥራ ካርድ ለምን ለደንበኛ ኢሜይል ያስልካል? ካርድ የውስጥ ሥራችን ነው። አንድ ባልደረባ እጁ አዳልጦት ካርዱን ቢጎትተው ደንበኛ ቤት ይደርሳል። ደንበኛው ራሱ ፎርም ሲሞላ ኢሜይሉ ቢሄድ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ማለዳ (3፡46)
ፎርሙን የማይመለከተው ሰውም ይሞላዋል። ሰው ሳያየው ኢሜይል እንዲሄድ አልፈልግም። ካርዱ ለዚህ ነው የሚያስፈልገኝ።

ለምን (3፡48)
እሱስ እውነትሽን ነው። ግን ጎትቶ ማጽደቅ የሚችለው ሰው ቁጥሩ ይወሰን።

እንዝርት (3፡50)
ማለዳ፣ የአውቶሜሽኑን የሥራ ታሪክ ክፈቺ። የአንዷን ደንበኛ ሰዓቶች እንዳሉ ለጥፊልን። ግምት ከምንደራርብ ታሪኩ ይናገር።

ማለዳ (4፡02)
ይኸው፦
2፡41፡07 ተሳክቷል
2፡41፡15 ተሳክቷል
2፡41፡24 ተሳክቷል
2፡41፡32 ተሳክቷል
2፡41፡40 ተሳክቷል
2፡41፡49 አልተሳካም፣ 429
ያው ሰዓት ላይ 14 ካርዶች እንዲህ ሆነዋል። ደግሞ አሁን ነው ያወቅኩት፤ ባልደረባዬ ትናንት ማታ መጨረሻ ላይ አንድ እርምጃ ጨምሮበታል። ኢሜይሉ ሲሄድ ካርዱ ላይ «ተልኳል» የሚል ኮሜንት ይጽፋል። ለሪፖርት እንዲመቸን ብሎ ነው።

ጨዋታ ወዳድ (4፡04)
ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይሄ ነው!

እንዝርት (4፡13)
ተገኘ። ሉፕ ነው፤ ራሱን መልሶ የሚያስነሳ ዙር። ትሪገርሽ «ካርድ ሲሻሻል» ይላል። የባልደረባሽ ኮሜንት ደግሞ ራሱ መሻሻል ነው። ኢሜይል ይሄዳል፣ ኮሜንት ይጻፋል፣ ካርዱ ተሻሻለ ይባላል፣ ኢሜይል ይሄዳል። በስምንትና ዘጠኝ ሰከንድ ልዩነት መምጣቱም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ሦስት ሳምንት የሠራው ካጸደቃችሁት በኋላ ካርዱን የሚነካው ስላልነበረ ነው።
429 ደግሞ «ባጭር ጊዜ ብዙ ጠየቃችሁኝ» ማለት ነው። 14ቱም ካርዶች አብረው ሲዞሩ ገደቡ ሞላና ቆመ። ያ ገደብ ባይኖር ኢሜይሉ አምስት ላይ አይቆምም ነበር። አሁን በጣም ተጠንቀቂ፦ አንዳንዱ የማገናኛ ሶፍትዌር ያልተሳካውን ሥራ ቆይቶ በራሱ ደግሞ ይሞክራል። ያ ምርጫ በርቶ ከሆነ እሱን ሳታጠፊው አውቶሜሽኑን መልሰሽ እንዳትከፍቺ።
አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ትሪገሩን «ካርድ ወደ ዓምድ ሲዛወር» ወደሚለው ቀይሪና «ጸድቋል»ን ምረጪ። ካርዱ ላይ «ኢሜይል ተልኳል» የሚል የምልክት ፊልድ (መሙያ ቦታ) ክፈቺ። ከትሪገሩ ቀጥሎ ፊልተር አስገቢ፤ ፊልዱ ባዶ ከሆነ ብቻ ይቀጥል። ከዚያ ምልክቱ ይደረግ፤ ታጉና ኢሜይሉ ከሱ በኋላ ይምጡ። ምልክቱን ከኢሜይሉ በፊት ያልኩሽ አውቄ ነው። መሐል ላይ ችግር ቢፈጠር አንድ ኢሜይል ይቀራል፤ እሱን በእጅ ትልኪዋለሽ። አምስቴ የሄደን ግን አትመልሺውም።

መምህሩ (4፡16)
እንዝርት ትክክል ነው። የእኔ ግምት እዚህ አልሠራም። የተደገመ ዌብሁክ ቢሆን ኖሮ በየዙሩ አዲስ ኮሜንት አይቀድመውም ነበር።

የማታ ፈረቃ (4፡20)
ልጨምር። ማርኬቲንጉ ውስጥ «አንድ ሰው ሰንሰለቱ ውስጥ ደግሞ መግባት ይችላል» የሚል ምርጫ ካለ ዝጊው። ፊልተሩ ቢሳሳት እንኳ እዚያ ይያዛል።
ሌላው የተቆጡት ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው «አትላኩልኝ» ብለው የወጡ ካሉ አውቶሜሽኑ መልሶ እንዳያስገባቸው እይ። «ፈልግ፣ ከሌለ ፍጠር» የሚለው እርምጃ ሲያገኛቸው ታግ ያድርግ፤ የምዝገባ ሁኔታቸውን ግን አይንካ። ለሁሉም አጭር ይቅርታ በእጅሽ ጻፊ። በአውቶሜሽን እንዳይሆን።

ሰረዝ (4፡27)
ኢሜይል አድራሻው ካርዱ ላይ በእጅ የሚጻፍ ከሆነ ከኋላው ክፍት ቦታ እንዳይኖር አጽጂው። እኔ በአንድ ስፔስ ምክንያት ፍለጋው ሰውየውን ሳያገኘው ቀርቶ ግማሽ ቀን ባክኜበታለሁ።

ማለዳ (5፡38)
በራሴ አድራሻ አንድ ካርድ ሠርቼ ሞከርኩት። አንድ ኢሜይል ብቻ መጣ። ኮሜንት ጻፍኩበት፣ ቀኑን ቀየርኩት፣ ከዓምዱ አውጥቼ መለስኩት። ሁለተኛ አልመጣም! በራሱ ደግሞ የሚሞክረውም በርቶ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ። ባልደረባዬም ይቅርታ ጠይቋል፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፣ ማን ምን እንደቀየረ የምንጽፍበት ቦታ አልነበረንም። 60ውን ካርድ አሥር አሥር እያደረግኩ አጸድቃለሁ። ማታ እነግራችኋለሁ።

ተራዬ (ምሽት 1፡05)
እኔ ጋ «ካርድ ወደ ዓምድ ሲዛወር» የሚል ትሪገር የለም። «ሲሻሻል» ብቻ ነው ያለው። ምን ላድርግ?

እንዝርት (1፡20)
በሱው ጀምርና ሁለት ፊልተር አድርግ። ዓምዱ «ጸድቋል» ይሁን፤ ምልክቱም ባዶ ይሁን። ትሪገሩ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ኢሜይሉ ጋ የሚደርሰው ግን አንዴ ነው።

የማታ ፈረቃ (በማግስቱ፣ ጠዋት 2፡15)
ማለዳ፣ 60ውስ እንዴት ሆነ?