ቾንግቺንግ ላይ በቡድን ሆትፖት፦ ጾመኛና ሙስሊም አብረው ካሉ ምን ይሻላል?

አዲስ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቻይና፣ ቾንግቺንግ ከተማ ማስተርስ የጀመርኩት ገና አሁን ነው። ቅዳሜ ማታ ቻይናውያን የክፍል ጓደኞቻችን ሆትፖት (ጠረጴዛ ላይ በሚፈላ መረቅ ውስጥ ሁሉም ሥጋና አትክልት እየነከረ አብስሎ የሚበላው ምግብ) ካልጋበዝናችሁ ብለውናል። ስምንት ሆነን ነው የምንሄደው። ከሐበሾቹ አንዷ ጾም ላይ ናት፣ አንዱ ደግሞ ሙስሊም ነው። እነሱን ማስቀረት አልፈልግም፣ ጋባዦቹንም ማስቀየም አልፈልግም። ምን እንዘዝ? አበላሉስ እንዴት ነው? ቃሪያ እንደሆነ አንፈራም።

ሲቹዋን የከረመ
ቃሪያውን ተወው፣ ዋናው ነገር መረቁ ነው። የቾንግቺንግ ቀይ መረቅ የሚሠራው በበሬ ሞራ ነው። ድንችና ጎመን ብቻ ብትጨምሩበትም የጾም አይሆንም። ነጩም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ወይም ከዶሮ አጥንት የወጣ ነው። ለሁለት የተከፈለ ድስት እዘዙ፣ ዩዋንያንግ ይሉታል። በአንዱ በኩል የእንጉዳይ መረቅ ይሁን፣ አጥንት እንደሌለበት ግን አስተናጋጁን ጠይቁ። ባለ ዘጠኝ ክፍሉ ድስት እንዳይሸውዳችሁ፤ መከፋፈያው ከላይ ነው እንጂ መረቁ ከሥር ይገናኛል። ለጾመኛዋ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ)፣ የሎተስ ሥር፣ እንጉዳይና የስኳር ድንች ኑድል ሞልቷል።

አብዱ ከቤጂንግ
ለሙስሊሙ ወንድማችን የተከፈለ ድስት መፍትሔ አይደለም። ቢላው፣ ጭልፋው፣ ማዕድ ቤቱ አንድ ነው። ሐላል ቤት ፈልጉ፤ በሩ ላይ ቺንግዠን የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ። እኛ ጋ የበግ ሆትፖት አለ፣ በከሰል የሚጋል የመዳብ ድስት ውስጥ ውሃ፣ ዝንጅብልና ሽንኩርት ብቻ። ታዋቂውን የሆትፖት ቤት ዶንግላይሹንን እንኳ በ1903 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሙስሊም ነው። ጋባዦቹን ከወዲሁ ንገሯቸው፣ አይከፋቸውም። እንግዳቸው ሳይበላ ቢነሳ ነው የሚያፍሩት።

ዱለት ወዳድ
ስለ አበላሉ ልጨምር። ጨጓራ ሳታዝዙ እንዳትመጡ! በቾፕስቲክ እንደያዛችሁት ስምንቴ ነከር ሰባቴ ወጣ እያደረጋችሁ፣ 15 ሰከንድ ገደማ። ጠርዙ ጥቅልል ሲል ወዲያው አውጡት፣ ከቆየ እንደ ጎማ ነው የሚሆነው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት የገባበት የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነከር ታደርጉታላችሁ፣ ትኩሳቱንም ቃጠሎውንም ያበርድላችኋል። ለጥሬ ሥጋ ሌላ ቾፕስቲክ ያዙ። ደግሞ ጥቁር ቀይ ቶፉ የሚመስል ነገር ከመጣ የዳክዬ ደም ነው፣ እወቁት። ቃሪያ አንፈራም ላልከው፣ እዚያ ያለው ቁንዶ በርበሬ መሳይ ፍሬ ምላስና ከንፈር ያደነዝዛል፣ ከእኛ ሚጥሚጣ ጋር አይገናኝም።

አዲስ ተማሪ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! እንግዲያው ሐላል ቤት ይሁን ብዬ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። እዚያስ ለጾመኛዋ የሚሆን መረቅ ይገኛል?

አብዱ ከቤጂንግ
የእንጉዳይና የቲማቲም መረቅ ብዙ ቤት አለ፣ የበሬ አጥንት እንዳይኖረው ግን እዚያም ጠይቁ። ለየሰው ትንሽ ድስት የሚያቀርብ ቤት ካገኛችሁ እሱን ያዙ፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እያንዳንዱ በገዛ መረቁ ይበላል።