«ከወጣቱ የምንፈልገው እጁን ነው»

ወይራ፦
ትናንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ስለ ተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ስለ ኮፕ 32፣ ዝግጅት ሲነሳ አንድ እንግዳ «ከወጣቱ የምንፈልገው እጁን ነው፤ ፖሊሲውን ለባለሙያ ይተውልን» አሉ። እስካሁን አልበረደልኝም። እ.ኤ.አ. በ2027 ዓለም አዲስ አበባ ላይ ሊሰበሰብ ነው። በክረምት አካፋ ይዞ ተራራ የሚወጣው ወጣት ግን ወረዳው ምን እንዳቀደ ሲጠይቅ «አይመለከትህም» ይባላል። እኛ እጅ ብቻ ነን? እንጠይቅ፣ ካልሰሙን ሰልፍ እንውጣ።

የፋግታ ልጅ፦
እጅን አታቃል። ግማሹ ጥፋት የሚመጣው እጁ ሥራውን ስለማያውቅ ነው። ጉድጓድ ክረምቱ ሳይገባ ይቆፈራል። የላዩ አፈር ለብቻ፣ የታቹ ለብቻ ይቀመጥና ሲተከል የላዩ ወደ ሥሩ ይመለሳል። ፕላስቲኩ ተቀዶ ይወጣል፤ ካልወጣ ሥሩ እዚያው ሲጠማዘዝ ይቀርና ዝናቡ ሲያቆም ችግኙ ይደርቃል። በዘመቻ ቀን የሚታየው ምንድን ነው? እዚያው ተቆፍሮ እዚያው የተተከለ፣ ከስንዝር የማያልፍ ጉድጓድ፣ ፕላስቲኩም ከነችግኙ። ሰልፍ ከመውጣታችሁ በፊት የተከላችሁትን ሁለት ዓመት ከከብት ጠብቁ።

ወይራ፦
መልሱን ራስህ ሰጠኸኝ። ጉድጓዱ በዚያው ቀን እንዲቆፈር ያደረገው ማን ነው? ችግኙ ከጣቢያ የሚወጣበትን ቀን፣ ዝርያውን፣ የጥበቃ በጀቱን የሚወስነው ማን ነው? እጁ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባለ። የእኛ ጥያቄ በየቀበሌው ስንቱ ጸደቀ የሚል ነው። ቆጠራው ቀላል ነው፦ ካስማ ትተክላለህ፣ 10 ሜትር ገመድ አስረህ ትዞራለህ፣ ክቡ ውስጥ በሕይወት ያለውን ትቆጥራለህ። ክቡ 314 ካሬ ሜትር ነው። በ2 ሜትር ርቀት ተተክሎ ከነበረ 78 ገደማ ሊኖርበት ይገባል። 30 ካገኘህ ከግማሽ በላዩ ሞቷል ማለት ነው። አንድ ክብ ግን አይበቃም፤ ከተራራው እግር፣ ከወገቡ፣ ከአናቱ መውሰድ ያስፈልጋል። መንገድ ዳር ያለውን ብቻ የቆጠረ ሁልጊዜ የተሻለ ቁጥር ያገኛል።

ባለ ደጋው፦
ልጆች፣ እጅ ማለት ስድብ አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባቀረበችው ዕቅድ፣ ምንም ካልተደረገ በ2030 ከሚደርሰው 403.5 ሚሊዮን ቶን የበካይ ጋዝ ልቀት 68.8 በመቶውን እቀንሳለሁ ብላለች። በራሷ አቅም የምትችለው 14 በመቶውን ነው፤ 54.8ቱ ድጋፍ ከመጣ ነው። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ የከለከለች አገር ናት፤ ይህን ስንት ሀብታም አገር ደፈረው? አየሩን የበከሉት ሌሎች ናቸው። ጩኸታችሁን ወደ እነሱ አዙሩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ ወደ ውጭ መጮህም በእጅ ብቻ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከፓስፊክ ደሴቶች የመጡ 27 የሕግ ተማሪዎች ተሰብስበው ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እንውሰድ አሉ። መጀመሪያ የቫኑዋቱን መንግሥት አሳመኑ። በመጋቢት 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ተቀበለው፤ ሐምሌ 23 ቀን 2025 ፍርድ ቤቱ አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። እነዚያን ተማሪዎች «እጃችሁን ብቻ ስጡን» ያላቸው ቢኖር ኖሮ አየሩን ከበከሉት አገሮች ዛሬ ካሣ በምን ይጠይቁ ነበር? እዚህ አሜሪካም ሞንታና ውስጥ 16 ልጆች ግዛቷን ከሰው በ2023 ረቱ፤ በታኅሣሥ 2024 የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናላቸው። የተደገፉት የግዛቷ ሕገ መንግሥት ስለ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ በሚለው ቃል ነው።

አንቀጽ 44፦
ያው ቃል እኛም ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ፣ አንቀጽ 44። «ለባለሙያ ይተውልን» ላሉት ደግሞ መልሱ እዚያው አንቀጽ 92 ንዑስ 3 ነው፤ ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ዕቅድ ላይ አስተያየት የመስጠት መብት አለው። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው «ጉዳዩ ይመለከተኛል» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል። 30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ይመሠርታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አቤቱታውን በቃል አድርሰው ይመለሳሉ። ቀን ያለበት፣ መዝገብ ቤት የተቀበለበት ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከሌላችሁ 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት አትችሉም።

ባለ ደጋው፦
ክስ ዛፍ አያጸድቅም።

አንቀጽ 44፦
አዋጁ ከጸደቀ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ያልጸደቀው ችግኙ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ወይራ፦
በተለይ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲተከል። አዊ ውስጥ ያለውን ፋግታን እዩ፣ ዲከረንስ በሚባለው ከውጭ የመጣ የግራር ዓይነት ተሸፍኖ በሽታ ገባበትና ከሰመ።

የፋግታ ልጅ፦
ስለማታውቀው አትጻፍ! ዲከረንስን በዘመቻ ያስፋፋው የለም፤ ገበሬው ራሱ ነው ያበዛው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ በአራት በአምስት ዓመት ተቆርጦ ይከሰላል፣ አሲዳማው መሬትም ያገግማል። ስንት ቤት በቆርቆሮ የተከደነው በዚያ ከሰል ነው። የዝገት በሽታው መግባቱ እውነት ነው፣ ዛፉንም ፈጅቶታል። ግን ሐሳቡን ያመጣው እጅ ነው እኮ! አንተ እጅና ጭንቅላት ለይተህ ነው የምታወራው፤ ልክ እንደ ሬዲዮው ሰውዬ።

ወይራ፦
ለገበሬው ከሆነ ይቅርታ፣ አባባሌ ሻካራ ነበር። ግን በሽታው ሲገባ ምን ይተካ የሚለውን ገበሬው ብቻውን ይወስን? የችግኝ ጣቢያው ያፈላውን ነው የሚያገኘው። ጣቢያው ወይራና ኮሶ ካላፈላ ከየት ያመጣል? ስለዚህ እንጠይቅ፣ ካልሰሙን ሰልፍ እንውጣ ነው የምለው።

ባለ ደጋው፦
ያለ ፈቃድ?

አንቀጽ 44፦
የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ 3/1983 «ፈቃድ ጠይቁ» የሚልበትን ቦታ ፈልገው ያሳዩኝ። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው የሚለው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይቀየር ሊል ይችላል፣ ምክንያቱን ጽፎ። ፈጽሞ አይደረግም ማለት አይችልም።

ባለ ደጋው፦
ወረቀቱን ይዘህ ሄደህ የሚቀበልህ ካላገኘህ አሳወቅኩ ልትል ነው? አገር በሥርዓት ነው የሚኖረው።

አንቀጽ 44፦
የማይቀበል ቢሮ ካለ ሥርዓቱን ያፈረሰው ማን ነው? በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ይላካል፣ ደረሰኙ ይያዛል።

የፋግታ ልጅ፦
ሰልፉን ተዉትና በመስከረም ገመድ ይዛችሁ ኑ። ዝናቡ ሲያቆም ነው ሟቹ የሚለየው።

ወይራ፦
እንመጣለን። ቁጥሩን ግን ወረዳው በር ላይ እንለጥፈዋለን።

ባለ ደጋው፦
ማን ፈቅዶላችሁ?