የሴት ዘማቾችን የጦርነት ተሞክሮ በምን እንለካው?

ጥያቄ፦ ነርሷ ከቨርጂኒያ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የምሠራበት ክሊኒክ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ሴት የቀድሞ ወታደሮችን ያስተናግዳል። ለውጊያ መጋለጥን የምንለካበት ቅጽ 7 ጥያቄዎች አሉት፤ ለቅኝት ወጥተው ያውቃሉ ወይ፣ በጠላት ተከበው ያውቃሉ ወይ፣ ስንት ጊዜ ተኮሱ እያለ ይቀጥልና ከ0 እስከ 41 ነጥብ ይሰጣል። አንዲት ሴት የዘመተችው የሞቱ ወታደሮችን የግል ዕቃ ለቤተሰብ ከመላኩ በፊት አጽድታ እንድትመዘግብ ነበር። ለአብዛኛው ጥያቄ «በፍጹም» ብላ ከሞላች በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጣ፣ ከኪስ ቦርሳ በወጣ የሕፃን ፎቶግራፍ ላይ የደረቀውን ደም በእርጥብ ጥጥ እንዴት ታስለቅቅ እንደነበር ጠረጴዛው ላይ በጣቷ አሳየችኝ። ነጥቧ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ እንቅልፍ ግን የላትም። ይህች ሴት ለጦርነት እምብዛም አልተጋለጠችም ብዬ መዝገቧ ላይ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የተሻለ መለኪያ የምታውቁ ብትመሩኝ ውለታችሁ ይከብደኛል።

መልስ 1፦ የመለኪያ አጥኚ

እህቴ፣ የገጠመዎት ችግር ቬትናም ከዘመቱት አሜሪካውያን ሴቶች ጀምሮ የቆየ ነው። የጠቀሱት ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ሲሆን ጥያቄዎቹ መሣሪያ ይዞ የሚዋጋን ወታደር ውሎ ይከተላሉ፤ ቬትናም ከዘመቱት ሴቶች አብዛኞቹ ግን ነርሶች ነበሩ። ደጀን የተባለውም ቦታ ቢሆን ሁልጊዜ ደጀን አልነበረም፤ የ25 ዓመቷ ነርስ ሻሮን ሌን በሰኔ 1969 ቹላይ በተባለ የቬትናም ስፍራ በነበረው ሆስፒታል በሥራ ላይ ሳለች በሮኬት ጥቃት ተገድላለች። በ1988 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት፣ በዚያ ጦርነት ከዘመቱት ሴቶች 8.5 በመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 15.2 በመቶው በጥናቱ ወቅት ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተል የአእምሮ ሕመም፣ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ብዙዎች ይህን አይተው ሴቶቹ ቀላል ጦርነት አሳለፉ ይላሉ። እኔ ግን ከነጭራሹ ያልተኮሱ ሴቶች ይህን ያህል ከታመሙ ምን አይተው ነው ብለን መጠየቅ ይገባን ነበር እላለሁ። በ1993 ጄሲካ ዎልፍና ባልደረቦቿ ለሴቶች ያዘጋጁት የጦርነት ውጥረት መለኪያ ይህንኑ ጥያቄ ተከትሎ የቁስለኛ እንክብካቤን፣ የሥራ አካባቢውን ክብደትና በፆታ ምክንያት የሚደርስ በደልን ጨመረ። ለእርስዎ ታካሚ የበለጠ የሚስማማው ግን በ2013 ተሻሽሎ የታተመው ዲአርአርአይ-2 የተባለው የዘመቻ ተሞክሮ መጠይቅ ነው፤ አስከሬን ማንሳትንና ቁስለኛ መርዳትን የመሰለውን ከውጊያ በኋላ ያለ ተሞክሮ ከውጊያው ለይቶ ይጠይቃልና።

መልስ 2፦ የሥነ ልቦና ሐኪም

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት ከሌላው ጋር ተደምሮ በአንድ ነጥብ ውስጥ እንዲጠፋ አይፍቀዱ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጤና አገልግሎት ይህን ለብቻው በ2 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ከሴት ታካሚዎቹም ከ3 አንዷ ገደማ አዎን ትላለች። በተረፈ የመጋለጥ ነጥብ ምርመራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመም ምርመራ መመሪያ (ዲኤስኤም-5) የሰው አካል ቅሪት የሚሰበስቡ ሠራተኞችን በምሳሌነት ጠቅሶ፣ የአሰቃቂ ክስተት ዝርዝር በሥራ ምክንያት ደጋግሞ የሚገጥመው ሰው ለሕመሙ ሊጋለጥ እንደሚችል ይቀበላል። ስለዚህ የታካሚዎ ነጥብ ዝቅ ማለቱ ሙሉ ምርመራ ከማድረግ ሊያግድዎት አይገባም።

መልስ 3፦ የቀድሞ ሠራዊት ነርስ፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ እኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ቁስለኛ ስቀበል ነበር። ተዋግተሻል ወይ ብትይኝ የለም እልሻለሁ፤ ውሸትም አይሆንም። ቃሬዛው ከመኪና ሲወርድ እጀታው በደም እየሟለጨ ከእጄ እንዳያመልጥ ነጠላዬን እጠመጥምበት እንደነበር ግን በዚያ መልስ ውስጥ አታገኚውም። ስለዚህ ቅጹን ከመስጠትሽ በፊት ሥራዋ ምን እንደነበረ፣ አንድ ቀን ከንጋት እስከ ማታ እንዴት ይውል እንደነበር ጠይቂያት። «ስንት ጊዜ» ለሚለውም ክፍት ቦታ ተዪላት። እኔ የቁስለኞቹን ቁጥር አላስታውስም፤ ፋሻ አልቆብን አንሶላ የቀደድንባቸው ሌሊቶች ግን ሦስት ነበሩ።