እርከኑን የሚያቆመው ዘመቻው ነው ወይስ መንደሩ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ናችሁ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ በነጻ ጉልበቱ ይወጣል። ቀበሌው ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ይህ በዘመቻ ይቀጥል ወይስ ለመንደሩ ሰው፣ ለራሱ እድርና ደንብ ይተው? እኔ ይተው ባይ ነኝ። ባለፈው አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። በዘመቻ የተሠራውን ካብ ከብት ንዶታል። ድንጋዩ ተበትኗል፣ ሰው ረግጦት ያልፋል። ወረድ ብሎ ግን ሰባት ጎረቤት ተስማምቶ የሠራው ክትር አለ። አፈር ሞልቶት ሳር በቅሎበታል። አንዲት ጥጃ ስትገባ የጎረቤት ልጅ ሮጦ አወጣት። ማንም አላዘዘውም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ተራራ በሰባት ቤት አይያዝም። ጎርፍ የሚመጣው ከላይ ነው። የላይኛው ካልሠራ የታችኛውን ክትር አንድ ክረምት ጠርጎ ይወስደዋል። የላይኛው ሰው ደግሞ የሌላ ቀበሌ፣ የሌላ እድር ሰው ነው። እሱን ማን ይጥራው? ግን አንድ ነገር ልመስክር። ኮታው የሚወርድልን በኪሎ ሜትር ነው፣ ሪፖርቱም በኪሎ ሜትር። መስከረም ላይ ስንቱ እንደቆመ የጠየቀኝ አለቃ የለም። ይህ ሁሌ ያናድደኛል።

የመንዙ ልጅ፦ ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ የሳር ተራራ፣ እናንሳ። ሳሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፣ ከዚያ በተባለው ቀን ይከፈታል። ይህን ሲያስከብር የኖረው የቄሮ ሥርዓት ነው (ከአሁኑ የወጣቶች ንቅናቄ ስም ጋር አታምታቱት)። አለቃውን የሚመርጠው ሕዝቡ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቄሮ ፈረሰ። ሁሉም እንዳሻው ያጭድ፣ ማገዶ ይለቅም ጀመር። ዛሬ እዚያ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የምናየው ሕዝቡ ተመልሶ ስለተደራጀ ነው።

መሬት የሌላት፦ ወንድሜ፣ ያ ሥርዓት የማን ነበር? መብቱ የቀደምቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘር ነበር። ከእነሱ ዘር ያልሆነ ከደጅ ይቀር ነበር። መተማመን የምትሉት የዘመድ መተማመን ነው። እኔ በየዓመቱ ጥር ላይ ድንጋይ እሸከማለሁ፣ እጄ ይላጣል። ሳሩ ሲደርስ ግን የመሬት ደብተር ያለው ሰው ነው። ደንብ ሲወጣ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፣ እኔን የጠራኝ የለም። ልቤ የገባው ለእኛ ለወጣቶች በተከለለው ተራራ ላይ ቀፎ ሲሰጠን ነው። አሁን እዚያ ፍየል ባይ ዝም አልልም።

ከትግራይ፦ ሁለቱ አይጣሉም። አብርሃ ወአጽብሃ የተራቆተ መንደር ነበር። እርከኑ በነጻ ጉልበት ተሠራ፣ ደንቡን ግን መንደሩ አወጣው። እኛ «ስሪት» እንለዋለን። እንጨት የቆረጠውን የሚዳኘው ጎረቤቱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል።

ጠያቂዋ፦ የላይኛውን ተራራ ነገር አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ ለእሱ ዘመቻው ይጥራ። ቆጠራው ግን ከክረምት በኋላ ይሁን። የመሬት አልባዋ እህቴ ቃል ደግሞ ሆዴ ገብቷል። አባቴ ዘንድ ደውዬ የሰባቱን ቤት ደንብ ጠየቅኩ። ድንጋይ የተሸከሙት ሁለት መሬት አልባ ልጆች በሳሩ ድርሻ ውስጥ የሉም። ጥር ሳይገባ ይጻፉ ብዬዋለሁ። «ለሌሎቹ አነሳዋለሁ» አለኝ።